ባለቤቴ አምስተኛ ወሯን ይዛለች፤ ከልጄ ጋር ከአሁኑ እንዴት ልቅረብ?

ሰላም ቤተሰብ። ባለቤቴ 21ኛ ሳምንቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጃችን። ሰሞኑን "ተንቀሳቀሰ!" ትልና እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ ታደርገዋለች፣ እኔ ግን እስካሁን ምንም አልተሰማኝም። እሷ ቀኑን ሙሉ አብራው ነች፤ እኔ ከሥራ የምገባው መሽቶ ነው። እስኪወለድ መጠበቅ አልፈልግም። የወለዳችሁ አባቶች ምን ታደርጉ ነበር?

መልስ (አዋላጅ ነርስ ነኝ)
ወንድሜ አይዞህ፣ ገና ነው። በመጀመሪያ እርግዝና እናቲቱ ራሷ እንቅስቃሴውን የምትለየው አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 20 ሳምንት ላይ ነው። ከውጭ በእጅ እስኪታወቅ ደግሞ ተጨማሪ ሳምንታት ይወስዳል፣ እንግዴ ልጁ በፊት በኩል ከሆነ ከዚያም ይዘገያል። ማታ ጋደም ስትል እጅህን አሳርፍና ቆይ፣ አትጫን። ክትትል ስትሄድ አብረሃት ግባ። አልትራሳውንድ ካልታየች ከ24ኛው ሳምንት በፊት ትታይ፤ ልቡ ሲመታ አንተም ታየዋለህ። ወደፊት ደግሞ እንቅስቃሴው ከለመደችው ከቀነሰባት ነገ እናያለን አትበሉ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

መልስ
አውራው! ድምፅ መስማት የሚጀምረው በዚሁ ሰሞን ነው፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ በደንብ ያልፋል። ምን ልበለው ብለህ አትጨነቅ። እኔ ማታ ማታ እግሯን በቅባት እያሸሁላት ውሎዬን ነበር የምነግረው፣ የታክሲውን ሰልፍ፣ አለቃዬ ያለኝን፣ ነገ ምን እንደምንበላ ሁሉ። ሴት ልጄ ተወልዳ ስታለቅስ ድምፄን ስትሰማ ጸጥ ትል ነበር። ሌላው የአይረን ኪኒኗ ነው፣ እሱን አንተ ያዘው። ከቡናና ከሻይ ጋር ከወሰደችው ሰውነቷ በደንብ አያገኘውም፣ ስለዚህ ሰዓቱን አራርቀህ በውኃ ስጣት። እሷን መንከባከብ ልጁን መንከባከብ ነው እኮ።

መልስ
እኔ ሪያድ ነኝ፣ ባለቤቴ ደሴ ናት። ስድስተኛ ወሯ ነው። ከሥራ ስወጣ ድምፄን ቀድቼ በዋትሳፕ እልክላታለሁ፣ እሷ ስትተኛ ስልኩን አጠገቧ አድርጋ ትከፍትለታለች። በቪዲዮ ስንገናኝ ሆዷ ከፍ ዝቅ ሲል አሳየችኝና ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ከደስታ። አንተ አጠገቧ ነህ፣ ተጠቀምበት።

መልስ (እናት ነኝ)
በግል ድርጅት የምትሠራ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። የዓመት ፈቃድህን አሁን አትጨርሰው፣ ለአራስ ቤቱ አስቀምጠው። አለቃህንም ከወዲሁ አነጋግረው።