ካቨንዲሽ ሙዝ ነው ትምባሆ?

የሙዝ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አርባ ምንጭ ነው ያደግኩት፣ አባቴ ሙዝ ያመርታል። የግብርና ባለሙያዎች የኛን ሙዝ «ድዋርፍ ካቨንዲሽ» ሲሉት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። ትናንት እዚህ አሜሪካ አንድ ሱቅ ስገባ የፒፓ ትምባሆ የሞላ ብልቃጥ ላይ «ብላክ ካቨንዲሽ» የሚል አየሁ። ሳሸተው ደግሞ ቫኒላ ቫኒላ ይላል። ከሙዝ ቅጠል ነው እንዴ የሚሠሩት? አትሳቁብኝ።

ፒፓ፦
ስቄያለሁ፣ ይቅርታ። ሙዝ የሚባል ነገር የለበትም ወንድሜ። ካቨንዲሽ የትምባሆ ዘር እንኳ አይደለም፣ የአሠራሩ ስም ነው። ቅጠሉን፣ ብዙ ጊዜ ቨርጂኒያ ወይም በርሊ የሚባለው የትምባሆ ዓይነት ነው፣ ስኳር ወይም ሩም ያጠጡትና በእንፋሎት አሙቀው በመጭመቂያ ይጫኑታል፣ ከዚያ ይከትፉታል። ጥቁሩ እንፋሎቱ የበዛበት ነው። ሽታው ግን አያታልህ፣ ምላስ ይለበልባል። ስሙን ከቶማስ ካቨንዲሽ ጋር ያያይዙታል፤ እ.ኤ.አ. በ1585 አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የሄደ፣ ኋላም ዓለምን በመርከብ የዞረ እንግሊዛዊ ነው። ትምባሆውን ስኳር ውስጥ ነከረው የሚባለው ለኔ የአጫሾች ወግ ነው።

አንባቢ፦
ሥሩ መንደር ነው። እንግሊዝ አገር ሰፎክ ውስጥ ካቨንዲሽ የሚባል መንደር አለ፣ ትርጉሙ የእገሌ የታጠረ ግጦሽ እንደ ማለት ነው። ቤተሰቡ ስሙን ከዚያ ወሰደና ከጊዜ በኋላ የዴቨንሸር መስፍን ለመሆን በቃ። ሙዝህም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው! እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የስድስተኛው መስፍን አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን፣ በዚያ ብርድ፣ ቻትስዎርዝ ግቢ የመስታወት ቤት ውስጥ ሙዝ አብቅሎ አፈራና በጌታው የቤተሰብ ስም ጠራው። በፊት ገበያውን የያዘውን «ግሮ ሚሼል» የሚባል የሙዝ ዓይነት የፓናማ በሽታ ሲጨርሰው ቦታውን ይሄ ያዘ። ሃይድሮጂንን የለየው ሄንሪ ካቨንዲሽም የነሱው ዘር ነው። ዓይን አፋርነቱ ጉድ ነበር፣ ከሴት የቤት ሠራተኞቹ ጋር እንኳ በብጣሽ ወረቀት ነበር የሚነጋገረው።

ፔዳል፦
ብስክሌተኛውን ማርክ ካቨንዲሽን ዘላችሁት? እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ቱር ደ ፍራንስ 35ኛ የዕለት ውድድር ድሉን አግኝቶ ሪከርድ ሰበረ። በዚያው ውድድር ነው የኤርትራው ቢንያም ግርማይ 3 ጊዜ አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው። ለኔ ካቨንዲሽ ማለት ብስክሌት ነው፣ አለቀ።

የሙዝ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። አባቴ ጋ ደውዬ ነገርኩት። «የመስፍን ሙዝ ነው እንዴ የምንሸጠው?» ብሎ ሳቀ። ትንሽ ቆየና «ታዲያ ነጋዴው ለምን እንዲህ ያረክስብናል?»