የጉልበት ሕመምና የጣት መደንዘዝ፦ ብስክሌትን በባለሙያ ማስለካት ይረዳል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ ብስክሌት በቋሚነት መንዳት ከጀመርኩ 14 ወራት ሆኖኛል። በሳምንት ሦስት ቀን እነዳለሁ፤ ከሦስቱ አንዱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ረጅም ጉዞ ነው። እስከ 40 ኪሎ ሜትር ድረስ ምንም አይሰማኝም። ከዚያ በኋላ ግን የግራ ጉልበቴን ከሎሚው ሥር ይወጋኛል፤ የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቴ ይደነዝዛሉ፤ አንገቴም ይከብደኛል።

ብስክሌቱን የገዛሁት ሲነዳበት ከነበረ ሰው ሲሆን የኮርቻውን ከፍታ ያስተካከልኩት ራሴ በግምት ነው። ኮርቻውን ከፍ ሳደርገው ጉልበቴ ለጥቂት ቀናት ይሻለውና ወገቤ ይጀምረኛል፤ ዝቅ ሳደርገው ደግሞ ወገቤ ይተወኝና ጉልበቴ ይብስበታል። ብስክሌትን ከሰው ሰውነት ጋር የሚያስማሙ፣ ባይክ ፊቲንግ የሚሠሩ ባለሙያዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ክፍያው ቀላል አይደለምና፣ እንዲህ ላለ ሕመም በእርግጥ ይጠቅማል ወይስ በራሴ ልሞክረው የምችለው ነገር ቀርቶኛል? መንዳቱን መተው ስለማልፈልግ ምክራችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

መልስ 1

በብስክሌት ጥገና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁና ከመክፈልዎ በፊት በቤትዎ ሊያደርጉት የሚችሉትን ልንገርዎ። ከጉልበት ፊት ለፊት የሚሰማ ሕመም ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ማለቱን ወይም ከልክ በላይ ወደ ፊት መጠጋቱን ያመለክታል፤ ከጉልበት ኋላ የሚሰማው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ከፍ ማለቱን ነው። ኮርቻው ሲበዛ ከፍ ካለ እግር ፔዳሉን ለመድረስ ሲንጠራራ ዳሌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የወገብዎ ሕመም ከዚያ ሊመጣ ይችላል።

ጫማዎን አውልቀው ግድግዳ ተደግፈው ይቁሙ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችዎ መካከል ያስገቡና ኮርቻ ላይ የተቀመጡ ያህል ጫን ብሎ እስኪይዝዎት ድረስ ወደ ላይ ይሳቡት፤ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ርዝመት ሌላ ሰው ይለካልዎ። ያገኙትን በ0.883 ያባዙት። ለምሳሌ 82 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 72.4 ይመጣል፤ ይህም ክራንኩ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ከሚዞርበት እምብርት አንሥቶ እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ነው። ስሌቱ የክራንኩን ርዝመትም ሆነ የጫማዎን ውፍረት ስለማያውቅ እንደ መነሻ ብቻ ይያዙት። ኮርቻው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አለማዘንበሉንም በውኃ ልክ ያረጋግጡ።

አደራ የምልዎ አንድ ነገር አለ። ከመነሻው በኋላ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ለውጡም ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ሁለት ሦስት ጉዞ ሳይነዱበትም ሌላ አይንኩ። የነበረበትን ቦታ በፕላስተር ምልክት ካላደረጉበት መመለሻው ይጠፋብዎታል።

መልስ 2

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው የጻፉት አንድ ቃል እንዳይታለፍ እፈልጋለሁ፤ የሚያማቸው የግራ ጉልበታቸው ብቻ ነው። ኮርቻው ለሁለቱም እግር አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ጉልበት ብቻ ከታመመ፣ ምክንያቱ ከከፍታው ይልቅ በሁለቱ እግሮች መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ በሥራዬ ደጋግሜ የማየው የእግር ርዝመት መበላለጥን፣ የቆየ የቁርጭምጭሚት ወይም የዳሌ ጉዳትን፣ ወይም ከጫማው ሥር ያለው የፔዳል ማያያዣ፣ ማለትም ክሊቱ፣ ጠማማ ሆኖ መታሰሩን ነው። በደቂቃ 85 ጊዜ ፔዳል የሚመታ ሰው እያንዳንዱን ጉልበቱን በሰዓት 5,100 ጊዜ ያጥፈዋል፤ ስለዚህ ቆመን ስንራመድ የማይታወቅ ጥቂት ጥመት ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ሕመም ሆኖ ቢወጣ አያስገርምም። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻዎን በሜትር ለክተው አያገኙትም፤ ለእርስዎ ባለሙያው የሚያስፈልግዎ ለዚህ ነው።

ጥሩ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከብስክሌቱ ሳይሆን ከሰውየው ነው። የቀድሞ ጉዳትዎን ይጠይቃል፤ አልጋ ላይ አስተኝቶ የጭንና የዳሌ ጡንቻዎ ምን ያህል እንደሚሳብ ያያል፤ ከዚያ ብስክሌቱን በቆመበት እንዲነዱ አድርጎ ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከፊትም ይመለከትዎታል። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል ታጥፎ መቅረት እንዳለበት የቆየ መመሪያ አለ፤ እሱም ቢሆን ሰውየው እየነዳ ካልታየ ምሉዕ አይሆንም።

የጣቶችዎ ነገር ሌላ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት አብረው ሲደነዝዙ የሚጫነው በመዳፍ ጠርዝ በኩል የሚያልፈው የአልናር ነርቭ ነው። መሪው ርቆብዎት ወይም ዝቅ ብሎብዎት ክብደትዎን በእጅዎ ተሸክመው ሊሆን ይችላል። ድንዛዜው ከብስክሌቱ ከወረዱ በኋላም ካልለቀቀዎት፣ ጉልበትዎ ካበጠ፣ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት።

መልስ 3

ባለሙያ ስለመምረጥ በእኔ የደረሰውን ልጨምር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቁመቴንና እጄን ለክተው፣ ከሰንጠረዥ የወጣ ቁጥር አስገብተው፣ አዲስ ኮርቻና አዲስ ጫማ እንድገዛ ነግረው ሸኙኝ። የት እንደሚያመኝ የጠየቀኝ አልነበረም። በወሩ ሕመሙ ብሶ ሌላ ዘንድ ስሄድ ሥራው ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ያለኝን ኮርቻ ወደ ኋላ ከመግፋትና የመሪውን አንገት፣ ማለትም መሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል፣ በአጭር ከመቀየር በቀር የተለወጠ ዕቃ አልነበረም። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ እየነዱ እንደሚያይዎትና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለእርማት እንደሚቀበልዎ ይጠይቁ። ሲሄዱ የዘወትር ጫማዎንና ቁምጣዎን ይያዙ፤ ባዲስ ጫማ ከተለኩ ልኩ የእርስዎ አይሆንም። ሲጨርሱም ልኮቹ ሁሉ በወረቀት ተጽፈው ይሰጡዎት፤ ብስክሌቱ አንድ ቀን ተፈታቶ ሲገጠም ያ ወረቀት ያድንዎታል።

የጠያቂው ምላሽ፣ ከሰባት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጽሐፉ ለክቼ ኮርቻዬ 9 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ አገኘሁት፤ ጥቂት በጥቂት ከፍ ሳደርገው ጉልበቴ ቀለል አለው እንጂ አልተወኝም፤ ስለዚህ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ።

ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ሲያየኝ ከቆየ በኋላ በስልኩ የቀረጸውን አሳየኝ። ቀኝ ጉልበቴ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይወጣል ይወርዳል፤ ግራው ግን በጫንኩት ቁጥር ወደ ውስጥ ተጠምዝዞ የብስክሌቱን አግዳሚ ሊነካ ይደርሳል። ከዓመታት በፊት የግራ ቁርጭምጭሚቴን ወልቄ እንደነበር ያስታወስኩት እሱ ሲጠይቀኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያ እግሬ ስራመድ ወደ ውጭ ዞር ይላል፤ ክሊቱ ደግሞ በግድ ወደ ፊት ያቀናው ነበር። ክሊቱን እንደ እግሬ አዙሮ አሰረው፤ ምንም የማያፈናፍነውን ዓይነት አውጥቶም 6 ዲግሪ ያህል በሚያፈናፍን ተካው። የመሪውን አንገትም በ20 ሚሊ ሜትር አሳጠረው።

ባለፈው እሑድ 65 ኪሎ ሜትር ነድቼ ጉልበቴ አልወጋኝም፤ ጣቶቼም ደህና ናቸው። አንገቴ መጨረሻው ላይ አሁንም ይከብደኛል፤ ለእርማት የያዝኩት ቀጠሮ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ ያንን ይዤ እሄዳለሁ።