ፈቃዱን ማን ይጠይቅልኝ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ የስኳር ሕመምተኞችን ቁስል የማጥብ ነርስ ነኝ። የማስተርስ ጥናቴንም የምሠራው እዚያው ክፍል ነው። የእግር እንክብካቤ ትምህርታችንን ከታካሚዎቹ ጋር ሆነን እየሞከርን፣ እያየን ማሻሻል ነው ሐሳቡ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያስተዋወቀው ዓይነት ተግባራዊ ምርምር ማለት ነው።

የተቸገርኩት ታካሚዎቹ በጥናቱ ለመሳተፍ የሚሰጡት ፈቃድ ላይ ነው። ባለፈው ፋሻቸውን እየፈታሁ ስለ ጥናቱ ሳነሳላቸው፣ አንዲት እናት ወረቀቱ ሳይነበብላቸው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። «አንቺ ካልሽ ምን ይነበባል ልጄ?» አሉኝ። በጣም ከበደኝ። እምቢ ቢሉ እንደ በፊቱ የማላክማቸው መስሏቸው ቢሆንስ?

በሰዎች ላይ ለሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫም ታካሚው በሐኪሙ ላይ ጥገኛ ከሆነ፣ ፈቃዱን ከዚያ ግንኙነት ውጪ ያለ ብቁ ሰው ይጠይቅ ይላል። ልክ ነው። ግን እኛ ጋ ሲዳምኛ የምንችለው ጥቂት ነን፤ ሁላችንም ቁስል እናጥባለን። ቤተሰብ ያስተርጉም እንዳልል፣ እሱም ሌላ ጫና ነው።

ከሌላ ክፍል ወይም ጤና ጣቢያ ሰው አሠልጥናችሁ ፈቃድ ያስጠየቃችሁ አላችሁ? የሥነ ምግባር ኮሚቴው ተቀበላችሁ? ታካሚው መሀል ላይ ሐሳቡን ቢቀይርስ፣ እናንተን ሳያፍር ለማን እንዲናገር አደረጋችሁ? እባካችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ።