የድምፅ መልእክት ሰርቨራችን ገቢ ኢሜይል ማንበብ አልቻለም

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ ውስጥ ነው። ከደጀን፣ ከሉማሜና ከቢቸና የሚደውሉ አባላት ስልክ የሚያነሣ ሰው ሲያጡ የሚተዉትን ድምፅ የሚቀበል ሰርቨር አለን፤ እያንዳንዱንም ድምፅ ከኢሜይል ጋር አያይዞ ለሚመለከተው ሠራተኛ ይልካል። መላኩ ይሠራል። ያስቸገረኝ የገቢው ክፍል ነው፤ ማለትም ሰርቨሩ የሠራተኛውን የኢሜይል ሳጥን እያየ መልእክቱ መሰማቱን የሚያውቅበት ክፍል። ሠራተኛው መልእክቱን ከኢሜይሉ ሰምቶ ቢያጠፋውም የጠረጴዛ ስልኩ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን ስለማያቆም፣ ሌላ ባልደረባ አዲስ መልእክት መስሎት ለዚያው ገበሬ ዳግመኛ ይደውላል።

ገቢውን በአይማፕ (ኢሜይል ከሳጥኑ ሳይወጣ በሚነበብበት መንገድ)፣ በፖርት (የግንኙነት በር ቁጥር) 993 ሞልቼዋለሁ። ሰርቨሩ ግን የኢሜይል አገልግሎቱን ማንነት ስለሚያረጋግጠው ሰርተፊኬት «የሰርተፊኬቱ መጀመሪያ ጊዜ ገና አልደረሰም» የሚል ስሕተት ይመዘግባል። አንድ ባለሙያ የሰርተፊኬት ማጣራቱን እንዳጠፋው መክሮኝ ነበር፤ ልቤ አልፈቀደም። ከጉዳዩ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አላውቅም እንጂ፣ ከሰርቨሩ የሚመጡት ኢሜይሎች የሚገኙት ከሳጥኑ አናት ሳይሆን ከግርጌው፣ ከቆዩ ደብዳቤዎች መካከል ነው።

መልስ 1፦ ከባሕር ዳር

ማጣራቱን ባለማጥፋትዎ ደግ አደረጉ። ማጣራቱ ከጠፋ ሰርቨሩ የኢሜይል አገልግሎቱን መስሎ ለቀረበ ለማንኛውም ማሽን የይለፍ ቃሉን አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚያ ሳጥን ውስጥ ደግሞ የአባላቱ ስልክ ቁጥርና የዋጋ ድርድር አለ።

መጨረሻ ላይ የጠቀሱት ነገር ግን መልሱን ይዟል ብዬ አምናለሁ። ኢሜይል ቀኑን የሚያገኘው ከላኪው ማሽን ሰዓት ነው። ኢሜይሉ ከግርጌ ከገባ የሰርቨሩ ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው፤ ሰርተፊኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ወደ ኋላ የቀረ ማሽን የዛሬውን ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ አድርጎ ያየዋል። ወጪው ሳይታገድ የቀረው፣ ብዙ ሰርቨሮች ኢሜይል ሲልኩ የተቀባዩን ሰርተፊኬት እንዲያጣሩ ሆነው ስለማይዋቀሩ ይመስለኛል። እባክዎ ሰርቨሩ የሚያሳየውን ዓመትና ሰዓት ይጻፉልን።

ጠያቂው፦

ዓመቱን 2018፣ ሰዓቱን ደግሞ ከጠዋቱ 4 ይላል። ትክክል መስሎኝ አልፌው ነበር።

መልስ 1፦ ከባሕር ዳር

ለእኛ ትክክል ነው፤ ለሰርቨሩ አይደለም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ስለተዛባ፣ አንድ ሰው በራሳችን አቆጣጠር በእጅ ሞልቶታል። ሰርቨሩ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ስለሆነ 2026 ሊል ይገባው ነበር፤ የጠዋቱ 4 ሰዓትም ለእሱ 10 ሰዓት ነው። በእጅ ከማረም ይልቅ ሰዓቱን በኢንተርኔት ከሰዓት ሰርቨር እንዲወስድ ያድርጉት፤ ለዚህም የዩዲፒ ፖርት 123 ወደ ውጭ ክፍት መሆን አለበት። የሰዓት ክልሉ የአዲስ አበባ፣ ማለትም ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሰዓት የሚቀድመው ይሁን። በማሽኑ ቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር 2032 የምትባለው፣ ካልተቀየረች መብራት በጠፋ ቁጥር ችግሩ ይመለሳል።

መልስ 2፦ ከፍኖተ ሰላም

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ጥቂት ልጨምር። አይማፕ እንቢ ሲል በፖፕ 3፣ በፖርት 995 ለመተካት የሚሞክሩ አሉ። ፖፕ መልእክትን አውርዶ ለመውሰድ የተሠራ እንጂ የተነበበውንና ያልተነበበውን ለመለየት አይደለም፤ ስለዚህ የስልኩን መብራት ሊያጠፋ አይችልም። በአስተሪስክ (የቢሮ ስልክን በኮምፒውተር በሚያስተናግደው ሶፍትዌር) የምትሠሩም ልብ በሉ፦ በተለመደው አጫጫን ድምፁ የሚቀመጠው በሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሲሆን ኢሜይሉ ቅጂ ብቻ ነው፤ የአይማፕ ማከማቻ ተጨምሮ ካልተገነባ በቀር ኢሜይሉን ማጥፋት ዋናውን አይነካውም።

መስመራችሁ ቀርፋፋ ከሆነ የድምፁንም ዓይነት ተመልከቱ። ያልታመቀ የስልክ ድምፅ በደቂቃ 960 ኪሎባይት ገደማ ሲይዝ፣ ጂኤስኤም በሚባለው ዘዴ የታመቀው 100 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ከኢሜይል ጋር ሲያያዝ ሁለቱም በሲሶ ያህል ይጨምራሉ። ዋጋና የኩንታል ብዛት ለመስማት የታመቀው ይበቃል።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባትሪዋ ተቀይራ፣ ሰዓቱም ተስተካክሎ፣ ገቢው ማጣራቱ ሳይጠፋ ተገናኝቷል። የአራት ሠራተኞች መብራት በትክክል ይጠፋል፤ የገንዘብ ያዟ ብቻ እስካሁን እንደበራ ነው። እርሷ የሰማችውን መልእክት አታጠፋውም፤ «የተከፈለ» ወደሚል ማህደር ታዛውረዋለች።

መልስ 2፦ ከፍኖተ ሰላም

መልእክቱን ሳትከፍተው ድምፁን ከቅድመ እይታው ብቻ ሰምታ አዛውራው እንደሆነ ጠይቋት። እንዲያ ከሆነ «ያልተነበበ» የሚለው ምልክት አብሮት ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ንዑስ ማህደሮችንም እንዲቆጥር ሆኖ ከተዋቀረ መብራቱ እንደበራ ይቀራል። በገቢው ማዋቀሪያ ላይ የሚታየው ማህደር ዋናው የገቢ ሳጥን ብቻ እንዲሆን ያድርጉት።

ጠያቂው፦

እንደተባለው ነበር። አሁን ጠፍቷል።