ክሎን የተደረጉ ኡቡንቱዎች አንድ አይፒ ይጋራሉ፣ ማካቸው ግን የተለያየ ነው

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ማሽኖችን የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ከአንድ ኡቡንቱ ሰርቨር 22.04 ሦስት ክሎን፣ ማለትም ግልባጭ አውጥቻለሁ። ክሎን ሲደረግ ለሁሉም የኔትወርክ ካርድ አዲስ ማክ (የካርዱ መለያ ቁጥር) እንዲፈጠር መርጫለሁ፤ በእርግጥም የሦስቱ ማክ ይለያያል። ራውተሩ ግን ለሦስቱም 192.168.1.57 ይሰጣቸዋል፤ በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) የገባሁበት ማሽን ይቋረጥብኛል። ቋሚ አይፒ ከመስጠት ሌላ መላ አለው?

መልስ 1፦
ማኩን ተወው፣ ጣጣው ማሽን-አይዲ፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲስተም ራሱን የሚለይበት ቁጥር ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ አይፒ የሚጠይቀው ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ የሚባለው የኔትወርክ አገልግሎት ነው። እሱ ደግሞ ለራውተሩ የሚያቀርበው መታወቂያ ከማክ ሳይሆን ከማሽን-አይዲ የሚወጣ ነው። የማሽን-አይዲው ፋይል ኢቲሲ በሚባለው ማህደር ውስጥ ይገኛል፣ 32 ፊደልና ቁጥር ይይዛል፣ ክሎን ሲደረግም እንዳለ ይቀዳል። ሦስቱም ላይ በካት ትእዛዝ ክፈተው፤ አንድ ዓይነት ሆኖ ታገኘዋለህ። ራውተሩ አልተሳሳተም፣ አንድ ማሽን መስሎት ነው።

ፋይሉን አትሰርዘው፤ በትራንኬት ትእዛዝ መጠኑን 0 አድርገውና ሪቡት፣ ሲነሳ አዲስ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ግን ቫር ውስጥ ሊብ፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ዲባስ በሚባለው ማህደር ያለውን ማሽን-አይዲ እይ። ወደ ኢቲሲው የሚያመለክት ሊንክ መሆን አለበት። ራሱን የቻለ ፋይል ከሆነ የድሮው ቁጥር ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚለፋው እዚህ ጋ ነው። ዋናውን ማሽን ወደፊትም ክሎን የምታደርገው ከሆነ ፋይሉን ባዶ አድርገህ ማሽኑን አጥፋው፤ ክሎን ሳታደርግ መልሰህ ካስነሳኸው ቁጥሩ ይሞላና ልፋትህ ከንቱ ነው።

መልስ 2፦
ሪቡት ለማይመቸው፦ ኔትፕላን (የኡቡንቱ የኔትወርክ ማስተካከያ) ፋይል ውስጥ፣ አይፒ ከራውተር እንዲጠየቅ ከሚያዘው ዲኤችሲፒ4 መስመር ትይዩ ዲኤችሲፒ-አይደንቲፋየር፦ ማክ ብለህ ጨምር። በስፔስ እንጂ በታብ አታስገባ፣ ፋይሉ የተጻፈበት ያምል የሚባለው አጻጻፍ ታብ አይቀበልም። ከዚያ ኔትፕላን ትራይ የሚለውን ትእዛዝ ስጥ፤ በ120 ሰከንድ ካላጸደቅከው የነበረውን ይመልሳል። ለእኔ ግን ይህ ማስታገሻ ነው፤ ማሽን-አይዲው አንድ እንደሆነ ስለሚቀር የሦስቱን ሎግ (የሥራ መዝገብ) አንድ ቦታ ስትሰበስብ ይደባለቅብሃል።

ከክላውድ ኢሜጅ (ተዘጋጅቶ ከሚመጣ የሲስተም ቅጂ) የተነሳ ማሽን ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ኔትፕላን ፋይሉ ውስጥ ማች ከሚለው ሥር የድሮው ማክ ተጽፎ ስለሚገኝ ካርዱ ጭራሽ አይፒ አያገኝም። እሱን መስመር አስተካክለው።

መልስ 3፦
የኤስኤስኤች ሆስት ኪዎቹም (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይባቸው ቁልፎች) ተቀድተዋል፣ አትርሳቸው። ኢቲሲ ውስጥ ባለው የኤስኤስኤች ማህደር በኤስኤስኤች-ሆስት የሚጀምሩትን ፋይሎች ሰርዝና ሳትወጣ፣ አዲስ ቁልፍ እንዲፈጠር ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኦፕንኤስኤስኤች-ሰርቨር የሚለውን ትእዛዝ ስጥ። ሰርዘህ ብቻ ሪቡት ካደረግህ ሰርቪሱ ኪ አጥቶ ላይነሳ ይችላል፤ ያኔ በኮንሶል (በቨርቹዋልቦክሱ የማሽኑ መስኮት) መግባት ግድ ይሆናል።