ክርክር፦ በኢንተርኔት በቀጥታ የሚተላለፍ ኮንሰርት የመድረክ ሙዚቃን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

አወያይ፦
ጥያቄው ጎልቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት አዳራሾች ሲዘጉ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ የደቡብ ኮሪያው የሙዚቃ ቡድን ቢቲኤስ በክፍያ ያቀረበውን የኢንተርኔት ኮንሰርት በአንድ ጊዜ ከ750 ሺህ በላይ ሰዎች ተመልክተውታል። አዳራሾቹ ከተከፈቱ ወዲህ ግን ይህ አሠራር ለመድረክ ሙዚቃ ረዳት ነው ወይስ ተቀናቃኝ?

የኮንሰርት አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ፦
እኔ ረዳት ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ሰው ቤቱ ሆኖ ማየት ከለመደ ወደ አዳራሽ አይመለስም የሚለው ስጋት በተግባር ሲፈተን አልጸናም። ትልቁ የኮንሰርት ኩባንያ ላይቭ ኔሽን በ2019 ወደ 11.5 ቢሊዮን ዶላር የነበረው ገቢው በ2020 ወደ 1.9 ቢሊዮን ዶላር ካሽቆለቆለ በኋላ፣ በ2023 ከ22 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በእንግሊዝ የሚካሄደውን የግላስተንበሪ ፌስቲቫል ቢቢሲ ለብዙ ዓመታት ሲያስተላልፈው ኖሯል፤ ሆኖም ትኬቱ ለሽያጭ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። በእኛም ዘንድ አዲስ አበባ ላይ በሚቀርብ የዘመን መለወጫ ኮንሰርት ለመታደም የሚመኝ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ የሚኖር ወገን አለ። ለእሱ ስርጭቱ አዳራሹን የሚተካ ሳይሆን ካልነበረበት ቦታ የሚያደርሰው ነው።

ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ አዲስ አበባ፦
ወንድሜ የጠቀሷቸውን ቁጥሮች አልክድም፤ ነገር ግን ቁጥሮቹ የስታዲየምና የዝነኞች ናቸው። ስለ ክበብ፣ ስለ ሆቴል ምሽትና ስለ አዝማሪ ቤት የሚነግሩን ነገር የለም፤ አብዛኛው የአገራችን ሙዚቀኛ የሚያድረው ደግሞ በእነዚህ ነው።

አዝማሪ ቤትን እንመልከት። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቋርጥ ይቀበልና መልሶ ያዜመዋል፤ ግጥሙ የነካው ሰው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል፤ ይህን ያየ ሌላው ደግሞ መልስ ያዘጋጃል። ሥራውም ክፍያውም የሚወለዱት በዚህ ቅብብሎሽ ውስጥ ነው። በተለመደው የኢንተርኔት ስርጭት ግን ምስሉና ድምፁ በየቁራጩ ተከፋፍለው ስለሚላኩና በተመልካቹ መሣሪያ ላይ ጥቂት ስለሚጠራቀሙ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ዘግይተው ይደርሳሉ። ከሩቅ ያለው ሰው ግጥም ቢልክ እንኳ ጨዋታው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለውን ሙዚቃ መቅረጽ ይቻላል፤ በርቀት መካፈል ግን አይቻልም፤ ስለዚህ «ስርጭቱ ለሁሉም ነው» የሚለው አባባል እኔን አያሳምነኝም።

ከዚህ የሚብሰው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። እኛ አጃቢዎች፣ ማለትም ኪቦርዲስቱ፣ ድራመሩ፣ ሳክስፎኒስቱና እኔ፣ የምንዋዋለው በአንድ ምሽት ሒሳብ ነው። ካሜራ ሲገባ አዳራሹ ውስጥ ላለው ሕዝብ የተጫወትነው ሥራ በሦስት አህጉር ይሸጣል፤ ከዚያም ተቀድቶ ለዓመታት ይታያል፤ ክፍያችን ግን ያው የአንድ ምሽት ሆኖ ይቀራል። እኔ ራሴ ተቀጥሬ በተጫወትኩበት አንድ ዝግጅት ኮንሰርቱ በክፍያ መተላለፉን የሰማሁት በማግሥቱ ውጭ አገር ካለ ዘመዴ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ክዋኔውን የመቅረጽም ሆነ የማሰራጨት ፈቃድ የከዋኙ መሆኑን ይደነግጋል፤ ከዋኝ ሲባል ደግሞ ዘፋኙ ብቻ አይደለም። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ2006 ትርኢቶቹን ወደ ሲኒማ ቤቶች በቀጥታ ማስተላለፍ ሲጀምር ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር ተደራድሮ የስርጭት ገቢ ድርሻ እንዲኖራቸው ተስማምቷል። እኛም የምንጠይቀው ይህንኑ ነው።

አድማጭ፣ ቨርጂኒያ፦
ወንድሞቼ፣ ከሩቅ የሚያዳምጥ ሰው አዳማጭ ብቻ ተደርጎ ባይቆጠር ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች የተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ከለንደንና ከፊላደልፊያ በሳተላይት ሲተላለፍ፣ ገንዘብ ያዋጡት ስታዲየም የገቡት ብቻ አልነበሩም። አዲስ አበባ ሲመሽ እዚህ ገና ቀትር ነው፤ ሥራ ላይ ካልሆንኩ ልጆቼን ሰብስቤ በቴሌቪዥን አያይዤ እናያለን። አገራቸውን በቅጡ የማያውቁ ልጆች ሙሉ ባንድ ሲጫወት የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ትኬት ቆርጬ እያየሁ ሳለ ያው ኮንሰርት በስልክ ተቀርጾ በፌስቡክና በቲክቶክ በነጻ ይለቀቃል፣ ሊንኩም በቴሌግራም ይዞራል። ቤዝ ተጫዋቹ የጠየቁት ድርሻ በትኬቱ ላይ ተጽፎ ባየው ግን የነጻውን ሊንክ ለሚልኩልኝ ጓደኞቼ የምመልሰው ይኖረኝ ነበር።

የኮንሰርት አዘጋጅ፣ አዲስ አበባ፦
የድርሻውን ጥያቄ አልቃወምም፤ ወጪው ግን አብሮ ይታይ። ስርጭት ካሜራና ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። በትንሽ አዳራሽ ድራሙ ያለ ማጉያም ስለሚሰማ የድምፅ ባለሙያው ወደ ስፒከሩ የሚለቀው ጥቂት ነው፤ ያንኑ ድምፅ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት ብንልከው ዘፋኙ ጎልቶ ድራሙ ይጠፋል። ስለዚህ ለስርጭቱ ሌላ ሚክሰር (ድምፆችን የሚያመጣጥን መሣሪያ) እና ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ መስመሩ ቢቋረጥ የሚያገለግል ሁለተኛ ኢንተርኔትም መያዝ አለበት። ይህ ሁሉ የሚከፈለው አንድም የስርጭት ትኬት ሳይሸጥ ነው፤ ኪሳራ ቢመጣ የሚሸከመውም አዘጋጁ ብቻ ነው።

ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ አዲስ አበባ፦
እርስዎ ያሉት የድምፅ ጉዳይ ትክክል ነው፤ ያለ ሁለተኛ ሚክሰር የተላለፈ ኮንሰርት ቤዝ እንደሌለው ሆኖ ሲሰማ እኔም ታዝቤአለሁ። እንግዲያው ወጪው አስቀድሞ ይቀነስና ከተረፈው ላይ የባንዱ አባላት በመቶኛ ይከፈላቸው፤ ካልተረፈ አንጠይቅም። ነገር ግን መቶኛው፣ ስርጭቱ ኢንተርኔት ላይ የሚቆይበት ጊዜና ሒሳቡን የሚያሳየን ሰው ማን እንደሆነ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት በውሉ ላይ ይስፈር። በዚህ ከተስማማን ካሜራውን የምቃወምበት ምክንያት የለኝም፤ ለአዝማሪ ቤቱ ግን ይህም መፍትሔ አይሆነውም።