የሚሸለመው ብዙ ገንዘብ ያመጣው ተማሪ ነው ወይስ ጥሩ የሠራው?

ጥያቄ፦ የሥዕል መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ዘንድሮ ተማሪዎቻችን ሥዕል፣ ፖስት ካርድ፣ በእጅ የተሰፋ ደብተርና የሸክላ ዕቃ ሠርተው ኤግዚቢሽን ላይ ሸጡ። 6ኛ ክፍሎች ደግሞ አጭር ድራማ ጽፈው በትኬት አሳዩ። ገንዘቡ ለታመሙ ሕፃናት መርጃ ነው። ካሰብነው በላይ ነው የሄደልን።

ችግሩ የመጣው አሁን ነው። ዳይሬክተራችን በወላጆች ቀን ብዙ ገንዘብ ላስገባ ተማሪ ዋንጫ እንስጥ አሉ። አንደኛ የወጣው ልጅ አጎትና አክስት ተሰብስበው መጥተው ሥራዎቹን አንድ ሳያስቀሩ አፍሰውለት የሄዱ ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፣ ጎበዝም ነው። ግን አንዲት ልጅ አለች፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተር ስትሰፋ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትሰፋ የከረመች፣ ሌሎቹ ክሩ ሲወሳሰብባቸው ወደሷ የሚሮጡ፤ እሷ የሸጠችው ሁለት ብቻ ነው። ዋንጫው ሲሰጥ ቁጭ ብላ ስታጨበጭብ እየታየኝ እንቅልፍ አጣሁ። ፍትሐዊ አይደለም ብላቸው "ታዲያ ማንንም አንሸልም?" ነው የሚሉኝ። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

እኔ ከነዛ አጎቶች አንዱ ነኝ፣ ልናዘዝ። የልጄ ሥዕሎች እንዳይቀሩባት ፈርቼ ሁሉንም በሰው አስገዛኋቸው። ከወራት በኋላ ቁም ሣጥን ውስጥ አገኘቻቸው። ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ መልሳ ዘጋችው። ዝምታዋ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንደሱ ያለ ዋንጫ የሚሸልመው የወላጅን ኪስ ነው፤ ለዳይሬክተራችሁም በዚሁ ቃል ንገሪያቸው።

መልስ፦ ሥነ ልቦና የተማርኩ

ነገሩ ከፍትሕም ያልፋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት የሚባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ቡድን ከሣላችሁ ሰርተፍኬት ታገኛላችሁ ተባለ። ሁለተኛው ሳይነገረው ሥሎ ሲጨርስ ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ በነፃ ሰዓታቸው ቀለሙን አስቀምጠውላቸው ሲያዩ፣ ሽልማት አስቀድሞ ቃል የተገባላቸው ልጆች ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሣሉት። በድንገት የተሰጣቸው ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ መሸለም ነውር የለውም፣ ጣጣው ሽልማቱን ከፊት እንደ ማባበያ መስቀል ነው። የዘንድሮዎቹ ዋንጫ እንዳለ ሳያውቁ ስለሠሩ ብዙም አልተጎዱም። እኔ የምፈራው ለሚቀጥለው ዓመት ነው፣ ያኔ ሁሉም ዋንጫውን እያየ ነው የሚጀምረው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ

ይቅርታ፣ እሱ ጥናት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ትልልቆቹን ነው ያስተማርኩት፤ ስማቸው መድረክ ላይ ሲጠራ ቁመት የሚጨምሩ ልጆች አይቻለሁ። ሽልማት ይኑር። ግን ምን እንደሠራ ይጻፍበት! "ለላቀ አስተዋጽኦ" የሚል ሰርተፍኬት ለሁሉም ይሆናል፣ ለማንም አይሆንም። "ደብተር አሰፋፍን ለክፍል ጓደኞቿ ላሳየች" ብለሽ ጻፊው፣ ልጅቷ ዕድሜ ልኳን ታስቀምጠዋለች። ድራማው ላይ ደግሞ መጋረጃ የሚስበውንና መብራት የሚያበራውን ልጅ አትርሺ፣ ሁሌም የሚረሳው እሱ ነው።

መልስ፦ ሒሳብ ያዥ ነኝ

ሁላችሁም ስለ ዋንጫ ታወራላችሁ፣ ገንዘቡን ማን ቆጠረው? በዚያው ቀን ሁለት ሰው አብሮ ቆጥሮ ይፈርም፣ አንዱ ከተማሪዎቹ ቢሆን ደግሞ ትምህርትም ነው። ለሸክላው፣ ለቀለሙ፣ ለወረቀቱ የወጣው ወጪ ተቀንሶ የተጣራው ይነገር። ወጪውን ደብቃችሁ ጠቅላላ ሽያጩን ብቻ ብትናገሩና በኋላ የተላከው አንሶ ቢገኝ፣ ማንም ሳይሰርቅ ሐሜት ይመጣል። መድረክ ላይ የትምህርት ቤቱ ድምር አንድ ቁጥር ሆኖ ይነበብ። ከማን ስንት የሚለው መዝገብ ላይ ይቅር። ገንዘቡ ሲደርስም የማረጋገጫውን ደብዳቤ ለልጆቹ አንብቡላቸው፣ የታመሙትን ልጆች ፎቶ ግን እባካችሁ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ።

መልስ፦ የሸክላ ነገር የሚመለከተኝ

ለከርሞ አሻሻጡን ቀይሩት። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ጆን ሃርተም የሚባል የሥነ ጥበብ መምህር ተማሪዎቹን የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን አሠርቶ እንግዶች ጠራ። እንግዶቹ ሾርባ ተሰጣቸው፣ ሳህኑን ደግሞ በዓለም ላይ ባዶ ሳህን የያዘ ሰው እንዳለ እንዲያስታውሳቸው ይዘውት ሄዱ። ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ሆነ። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ተዳርሷል። እናንተም ለሁሉም ዕቃ አንድ ዋጋ አውጡና ገዢው የወደደውን ያንሳ፣ የሠሪው ስም ከታች በኩል ይጻፍ። ፖስት ካርዱን ደግሞ አንድ ጥሩ ሥዕል መርጣችሁ ብዙ ኮፒ አሳትሙት። ዩኒሴፍ ራሱ በ1949 እ.ኤ.አ. ያወጣው የመጀመሪያ ካርድ የአንዲት የ7 ዓመት የቼኮዝሎቫኪያ ልጅ ሥዕል ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ጠፍቶ መስታወት ላይ ነበር የሣለችው።

ጠያቂዋ፦ የሥዕል መምህርት

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ገብቼ ዳይሬክተራችንን አነጋገርኳቸው። የኪሱን ነገር ስነግራቸው ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ። ዋንጫው ቀርቶላቸዋል ለማለት ይከብደኛል፣ ተገዝቷል። ነገር ግን ለክፍል እንጂ ለአንድ ልጅ እንዳይሰጥ ተስማማን፣ ሰርተፍኬቶቹን እኔ እጽፋለሁ። የተጣራውን ሒሳብ ለማንበብ ሁለት 8ኛ ክፍሎች መርጠናል፣ ከአሁኑ እየተለማመዱ ነው።

ደብተር የምትሰፋዋን ልጅ ደግሞ ለ5ኛ ክፍሎች ታሳያቸው እንደሆነ ጠየቅኳት። ትንሽ አሰበችና "ቲቸር፣ ማርክ አለው?" አለችኝ።